ከመቃኑ በላይ ያለው አቧራ

ሰኞ 2

ድንቡሼ ዛሬ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ኦክስጅን ተደረገላት።

የወንድሜ ልጅ ናት፤ አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ድንቡሼ ያልናት ስትወለድ አንገቷ እስኪጠፋ ድረስ ወፍራም ስለነበረች ነው። አሁን የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ስሙ ግን እንደተለጠፈባት ቀረ። ሐኪሟ ጭምብሉን አፍንጫዋ ላይ እያስተካከለች፣ ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል እርጥበት አለው ወይ ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው እናትየዋን ነበር። የመለሰችው የእኔ እናት ናት።

«ቤቱን ተዪውና ጠራጊዋን መርምሪያት።»

ሐኪሟ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። የወንድሜ ሚስት የልጅቷን ካልሲ እያወለቀች መልሳ ታለብሳለች። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ሥራሽ አይደል? ለምን አንቺ አታዪውም?»

ሥራዬ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት አቧራ ስመረምር ኖሬያለሁ። ረቡዕ ናሙና እወስዳለሁ አልኩ። ሁሉም ሰሙ።

ማክሰኞ 3

አየር የሚናገረው የዛሬን ብቻ ነው። መስኮት ከተከፈተ እሱንም ይረሳል። አቧራ አይረሳም። ከበር መቃን በላይ፣ የማንም ዓይን በማያርፍበት ጠርዝ ላይ፣ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ የተነፈሰው ተኝቶ ይገኛል። በጥጥ ጠረግ አድርጎ ወደ ማሽን ማስገባት ነው። ማሽኑ ከደጅ የገባውን ሻጋታ ከቤት ካደገው ይለያል። ውሃ የጠጣ ግድግዳ ካልሆነ የማይበቅሉ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱ ከተገኙ ግድግዳው ምንም ቢያምር ከጀርባው በስብሷል ማለት ነው።

ስለዚህ ለደንበኛ ቀጠሮ ስሰጥ አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ፤ እስክመጣ ምንም ነገር እንዳትወለውሉ። በቀን አሥር ጊዜ እለዋለሁ። ለቤት ሰው መናገሩ ትዝ አላለኝም።

እኔና እናቴ ፎቁ ላይ ነን፤ ወንድሜ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ምድር ቤት ይኖራል። ከሰዓት በኋላ ከታች ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ቀጥሎ የበረኪና ሽታ በደረጃው ወጣ። እናቴ ደረጃው ራስ ላይ ቆማ ቁልቁል ትናገራለች፤ የልጄ መሥሪያ ቤት ያንቺን ጉድ በማሽን ሊያየው ነው፣ እስቲ ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ምሰይ፣ አለቻት። ታች ወንበሩ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ይጎተታል።

ወርጄ ተዪ ማለት እችል ነበር። ደክሞኝ ነበር።

ረቡዕ 4

ወሰድኩ። የልጅቷ ክፍል፣ የበሩ መቃን፣ ከላይ። ጥጡ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ።

የወንድሜ ሚስት እጅ በበረኪና ተልጧል። ፀጉር ሠሪ ናት፤ እጇ ድሮም በቀለም የተበላ ነው፣ ዛሬ ግን ጣቶቿ ጫፍ ላይ ቀይ ሥጋ ይታያል። በሩን ተደግፋ ስሠራ ታየኛለች። እንደምትፈተን ተማሪ ናት።

«እትዬ፣ እንዲህ የጸዳ በር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው።

ቅጹ ላይ «ናሙናው በቂ አቧራ አለው» የሚል መስመር አለ፤ ጎኑ ላይ ሁለት ሣጥን። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ የባለቤቱን ስም ይጠይቃል። የወንድሜን ስም ጻፍኩ። የቅርብ ዘመድ ቤት መመርመር አይፈቀድም፤ ቅጹ ግን የመርማሪዋን ዝምድና አይጠይቅም።

አርብ 6

ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባልደረባዬ ወረቀቱን ይዛ መጣች። እኛ ባለማሽኗ እንላታለን፤ በቀን ከአምስት ቃል በላይ አትናገርም። ዛሬ ተናገረች።

«ይሄ መኖሪያ ቤት ነው ወይስ ቀዶ ጥገና ክፍል?»

ሳቅን። ፈረምኩ። ከፊርማው በኋላ ሻይ ጠጣን፤ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

እሑድ 8

ውጤቱን ከምሳ በኋላ አነበብኩላቸው። ቃሉን እንዳለ፤ «የተደበቀ ሻጋታ ምልክት አልተገኘም።»

እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው፣ የሚነበበው አንድ ገጽ መሆኑን ስታውቅ ደረቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ ምራቷን ሳታይ ወንድሜን እያየች ጀመረች። ባለቤቴ የሠራው ቤት በሽታ አያውቅም፤ አርባ ዓመት ኖርንበት፤ ሳል ከፀጉር ሳሎን ጋር የመጣ ነው፤ የፀጉር ቀለም እየሸተቱ ልጅ ማቀፍ ድሮ አልነበረም፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። ወንድሜ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ በወር አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ቤቱ ያድራል። ያን አሥራ ሁለት ቀን በሰላም ማሳለፍ ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ በጣቱ መንገድ ይሥላል፣ መታጠፊያ ይሥላል።

«ታዲያ ልጄ ለምን ታስላለች?» አለች ሚስቱ። የጠየቀችው እኔን ነው።

ወረቀቱ የሚለው ስለ ቤቱ ነው፤ ስለ ልጅቷ አይናገርም አልኳት። ይህም ትክክል ነው።

ወረቀቱን እናቴ ምድር ቤት ወርዳ፣ ማዕድ ቤቱ ቁምሳጥን ላይ ለጠፈችው። ከፍ ማድረግ ቁመቷ ስላልፈቀደላት ዝቅ አድርጋ ነው የለጠፈችው፤ ልክ የምራቷ ዓይን ጋ።

ማክሰኞ 10

ታች ስላልወረድኩ የማውቀው የምሰማውን ነው። ሳሉ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይጀምራል። እናቴ ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለች።

ሐሙስ 12

ሄዳለች። ልጅቷን ይዛ። ጠዋት እኔ ሥራ እንደገባሁ።

የወሰደችው የልጅቷን ልብስ፣ መድኃኒቱን፣ መቀሷንና ብሩሾቿን። ሌላ ምንም። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው።

እናቴ ሦስቴ ደወለችልኝ። በሦስተኛው፣ «ዝም አይነቅዝም፤ አንቺም ዝም በይ» አለችኝ። ዝም ያልኩት ምንድን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ ናሙና እየጠበቀኝ ነበር።

ቅዳሜ 14

ዛሬ ሥራ የለም፤ ቤቱም ጸጥ ብሏል፤ ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

የወንድሜ ሚስት የገባችው የራሷ አክስት ዘንድ ነው፤ ከአውቶቡስ ጋራዡ በስተጀርባ አንድ ክፍል፣ ሦስት ሰው። እናቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። አየሽ፣ ከፎቅ ቤት ወርዳ ጭስ ውስጥ ገባች፤ ልጅቷ እዚያ ሳምንት አትቆይም፤ በእግሯ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ደጁን የምከፍትላት እኔ ነኝ፣ አለች። ሙሉ ቀን ይህንኑ ስትደጋግመው ዋለች።

እኔ በልጅቷ መሄድ አልተደሰትኩም። እናትየዋን በተመለከተ ምንም አልተሰማኝም። ሰው ይጠላኛል ብዬ ሰው የምጠላ አይደለሁም። ከሁለት ዓመት በፊት መስኮቴ ሥር ተቀምጣ ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ ሰምቻታለሁ፤ «እሷን ምን ታደርጊያታለሽ፤ ደፍሮ ያገባት አቧራ ብቻ ነው» አለች። ጓደኛዋ ስትስቅ ስልኩ ውስጥ ሆና እንኳ ተሰማኝ። አልከፋኝም። ቀልድ ነው፤ የደንበኛ ቀልድ ነው። ላቦራቶሪ ባወራው ይስቁበት ነበር። አላወራሁትም። ይህን የጻፍኩት ከአሁኑ ነገር ጋር ይያያዛል ብዬ አይደለም።

ስለ ክፍሉም ልጻፍ። አምስት ዓመት ይሆነዋል። አባቴ የመጨረሻውን አራት ወር የተኛው እዚያ ክፍል ነው። በላዩ የእኛ መታጠቢያ ቤት አለ። ግድግዳው ማላብ ጀመረ። ቧንቧ ሠሪ አመጣሁ፤ በጣቱ ጫፍ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ይፈረስ አለ። «ዛሬ እኔ ካላፈረስኩት ነገ ራሱ ይፈርሳል፤ ያኔ ለኔ አትደውዪ።» የሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው ራስጌ ግድግዳ አይፈረስም። በኋላ አልኩት። በኋላ ቀብር ሆነ። ከቀብሩ በኋላ ወንድሜ እርጉዝ ሚስቱን ይዞ ሊገባ ሆነ፤ ቀኑ ተቆርጧል። አናጢ ጠርቼ ግድግዳውን ከወለል እስከ ኮርኒስ በኮምፔንሳቶ አስለበጥኩት፤ ክሬም ቀለም አስቀባሁት፤ ሦስት ቀን ፈጀ። አማረ። ምራታችን ገብታ ስታየው «እትዬ፣ እንደ ሆቴል» ብላ አቀፈችኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ጌጥ ይመስላታል።

የቧንቧው መጋጠሚያ ጠብቋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ አላየሁም። ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ማየት አይቻልም።

የዛሬው ይኸው ነው።

ማክሰኞ 17

ወንድሜ ትናንት ከመንገድ ገባ፤ ቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ። ልጅቷ በአውቶቡሶቹ መካከል ድመት ስታባርር አገኛት። ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ቀን አላሳለችም። በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት ካርቶኑ ውስጥ ትተውታል።

ይህን ሲነግረን ፊቱ ያበራ ነበር። እናቴ አጠፋችው። አዲስ አየር ለመጀመሪያ ሰሞን እንደዚህ ነው፤ ሕፃን በጋራዥ ስታድግ ግን ነገ ጎማ ሥር ትገባለች፤ አንተ ወንድ ከሆንክ ልጅህን አስመልስ፤ ቤታችን ንጹሕ ነው፣ ወረቀት አለን፣ አለችው።

«እትዬ፣ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ያስኬዳል?» አለኝ።

የላቦራቶሪው ማኅተም አለበት አልኩት። ወዲያው ጠበቃ ያዘ፤ ጠበቃው ወረቀቱን ሲያይ እጁን አሻሸ አሉ።

የወንድሜ ሚስት ትናንት ከሱ ጋር መጥታ የቀረ ልብሷን ወስዳለች። እኔ አልነበርኩም። እናቴ እንደምትለው ክፍሉ ውስጥ ለብቻዋ ብዙ ቆየች፤ «ምን እንደሰረቀች እግዜር ይወቅ።»

ሐሙስ 19

ላቦራቶሪው ናሙና መቀበያ መስኮት ላይ ተረኛ ነበርኩ። ቁጥር አርባ አንድን ጠራሁ፤ እሷ ናት።

ሥራ ቦታ ሰው ሁሉ እርስዎ ነው። «ምን ልርዳዎት?» አልኳት። ግራ ገብቷት ወደ ኋላዋ ዞር አለች፤ ሌላ ሰው ያናገርኩ መስሏት ነው። ከዚያ የታሰረ የፕላስቲክ ከረጢት በመስኮቱ አሾለከች። ውስጡ ግራጫ አቧራ፣ ከአቧራው መሀል የፀጉር ቀለም መቀቢያ ብሩሽ።

«የልጄ ክፍል ቁምሳጥን አናት ነው። ቁመቴ አይደርስም፤ ወንበር ላይ ወጥቼም እጄ አይደርስም፤ ይሄን በብሩሹ ጫፍ እየጠረግሁ ነው ያወረድኩት። ያን ዕለት ያልወለወልኩት እሱን ብቻ ነው። እማማ ቆሻሻ ነሽ የሚሉኝ አንድ ቦታ እንኳ እውነት ሆኖላቸዋል።» ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች ፈገግ አሉ። እሷም ፈገግ አለች። ቀልደኛ ናት፤ ብዙ ጊዜ እረሳዋለሁ።

ቅጹን ሰጠኋት። ስትሞላ እስክሪብቶዋ ቆመ። ከመስኮቱ ጎን የተለጠፈውን ማስታወቂያ እያነበበች ነው፤ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ቢያንስ ለአንድ ወር ከፍ ያሉ ጠርዞችን አያጽዱ፤ በረኪና አይጠቀሙ። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው ያነበበችው። ጨርሳ ደገመችው።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ድሮም እዚህ ነበር?»

ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል አልኳት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

አርባ ሁለት ቁጥርን ጠራሁ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሷ ገና ከመስኮቱ ስላልተነሣች ከጀርባዋ ቆመው ጠበቁ።

ሰኞ 23

ባለማሽኗ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠችልኝ። የመጀመሪያውን አውጪ ብዬ አላዘዝኳትም።

«አድራሻው አንድ ነው። አንዱ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ አንዱ መቃብር።»

የናሙና አወሳሰድ ልዩነት ነው አልኳት።

«ሰው ይኖርበታል?»

ለጊዜው አይኖርበትም አልኳት። ወንድሜ መንገድ ላይ ነው፤ የቀሩት ወጥተዋል። ስለዚህ ውሸት አልተናገርኩም። እሷ መልሳ ወደ ማሽኗ ሄደች፤ የቀኑን አምስት ቃል ጨርሳ ነበር።

ቁጥሮቹን እዚህ አልገለብጥም። እርጥብ ግድግዳ ከሚወዱት ሻጋታዎች ውስጥ በዝርዝራችን ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም አሉ፤ የአንዱ መጠን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ካየኋቸው ሁሉ በብዛቱ ሦስተኛው ነው።

ደንቡ ግን ደንብ ነው። በሠለጠነ መርማሪ ያልተወሰደ ናሙና ለማስረጃነት አይሰጥም። ውጤቱን ያለ ማኅተም ሰጠሁና ሸኚ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «ናሙናው በሥርዓቱ መሠረት ያልተወሰደ በመሆኑ ላቦራቶሪው ለትክክለኛነቱ ኃላፊነት አይወስድም።» ቃሉን ሁለቴ አረምኩት። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው።

የወንድሜ ሚስት ወረቀቱን ስትቀበል ቆማ አነበበችው። ጮክ ብላ አልተናገረችም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ላንቺ ነው» አለችኝና ወጣች። ምን ማለቷ እንደሆነ ለጊዜው አልገባኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ገብቶኛል።

ረቡዕ 25

እናቴ ሐኪም ቤት ስለሄደች ዛሬ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ካቻቢቴ ይዤ ታች ወረድኩ። አልጋውን ጎተትኩ። ከኮምፔንሳቶው የታችኛው ጥግ አራት ብሎን ፈታሁ፤ ሁለቱ ዝገው ራሳቸው ተቆረጡ። ጥጉን ወደ እኔ ሳብኩት። ያለ ድምፅ መጣ፣ እንደ ራሰ ካርቶን።

ጀርባው ጥቁር ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ደግሞ ጸጉራም ነው፤ በባትሪ ብርሃን ሲታይ ጠርዙ አረንጓዴ ይመታል። የሚታየውን ያህል በሜትር ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከአርባ በሰባ ሳንቲም። ልስኑን በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ እስከ መጀመሪያው አንጓ ገባ። አልጋው ላይ ትራስ ከሚቀመጥበት እስከዚያ ያለውም ተለክቷል፤ ሠላሳ አንድ ሳንቲም።

መልሼ ገጠምኩት። ለተቆረጡት ብሎኖች ሌላ ፈልጌ አገኘሁ። የብሎኖቹን ራስ ወለወልኩ፤ አልጋውን አስጠጋሁ።

ጭምብልና ጓንት አድርጌ ነበር። ማድረጌን ያስተዋልኩት አሁን ስጽፍ ነው።

ለማን ልናገር? እናቴ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ትይዛለች። ለወንድሜ ብናገር፣ አምስት ዓመት የት ነበርሽ ይለኛል። ለአለቃችን ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ቀድሞ የሰጠሁትም ወረቀት ሁሉ ይመረመራል፣ የስንቱ ሰው። ነገሩን ለራሴ ብዬ አይደለም የምመዝነው።

ሐሙስ 26

ቀለም ቀቢ መጣ። ወንድሜ ልጅቷን ለማስመለስ ክስ መሥርቷል፤ ነገ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ለፍርድ ቤቱ ቤቱን ልታይ ነው። እናቴ ሮዝ ይሁን አለች።

ቀቢው ኮምፔንሳቶውን ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀባው፤ ቀለሙ አልያዝ አለው። እየቀለደ ነበር፤ «እመቤት፣ ይሄ ግድግዳ ቀለም ይጠጣል እኮ፤ ሌላ ባልዲ ያምጡለት።» ከዚያ ቀልዱን ተወና ጥጉን ነካ ነካ አደረገ። «ይሄ ከጀርባው ታሟል።»

«አንተ ቀለም ቀቢ ነህ ሐኪም?» አለችው እናቴ።

ወደ እኔ አየ። አማሳይ ዱላውን አቀበልኩት።

አርብ 27

ሠራተኛዋ መጣች፣ አየች፣ ጻፈች። ሮዙን አደነቀች። ማዕድ ቤት የተለጠፈውን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አነሣች። ለእኔ፣ በቤቱ ውስጥ የሙያው ሰው መኖሩ እድል ነው አለችኝ።

እናቴ እስክትወጣ ጠብቃ፣ «ሰማሽ?» አለች። አሥር ጊዜ ያህል።

ሰኞ 30

ችሎቱ ዛሬ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የማውቀው ወንድሜ የነገረኝን ነው። ሚስቱ ጠበቃ የላትም። የቁምሳጥኑን ውጤት አቀረበች፤ የወንድሜ ጠበቃ የእኔን ሸኚ ደብዳቤ አነበበ። እሷ ስለ በረኪናው ተናገረች፤ ራሴ ነኝ የወለወልኩት አለች። ጠበቃው፣ «ታዲያ ቤቱ ንጹሕ ነበር ማለት ነዋ» አለ፤ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያ እስከ ውሳኔው ድረስ ልጅቷ በባለሙያ በተረጋገጠው ቤት፣ በአባቷ ዘንድ ትቆይ፤ እናትየዋ እሑድ እሑድ ትጎብኛት አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሷ አመጣቻት። እናቴ ደጁን ከፍታ ቆማለች፤ እንዳለችውም የከፈተችው እሷ ናት። ድንቡሼ ሮጣ ገባች፤ ሮዝ ክፍል እንዳላት ተነግሯታል። ሚስቱ ግን እናቴን አልፋ ወደ እኔ መጣችና የመድኃኒቱን ከረጢት እጄ ላይ አስቀመጠች። እንዴት እንደሚነፋ አሳየችኝ፤ ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፤ ከንፈሯ ሲጠቁር ግን ይሄን አትጠብቂ፣ ሩጪ አለችኝ። ሁሉንም አውቀዋለሁ። እስከ መጨረሻው አስነገርኳት።

«ላንቺ ነው የምሰጥሽ» አለችኝ። «እኔን ትጠዪኛለሽ፤ አውቃለሁ። እሷን ግን አትጠያትም።»

አልጠላሽም አልኳት። ሥርዓት ነው አልኳት።

«እሺ» አለች። «ሥርዓትሽ ልጄን አይግደልብኝ።»

እናቴ ከደጁ ሆና፣ ጨርሺ፣ ብርድ እያስገባሽ ነው አለቻት።

ማክሰኞ 1

ንጋት ላይ ጀመራት። ወንድሜ ዛሬ ጠዋት ጭነት ይዞ ወጥቷል፤ ለአሥር ቀን። እናቴ የመንገድ ድካም ነው ትላለች። ከጋራዡ እስከዚህ ያለው መንገድ በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ነው።

አለቃችን ቢሯቸው ጠሩኝ። የፍርድ ቤት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ዳኛዋ የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የተወሰደው ናሙና በቂ አቧራ ነበረው ወይስ አልነበረውም? ናሙናውን የወሰደችው ባለሙያ በፊርማዋ ታረጋግጥ። ከሥሩ ሁለት ሣጥን አለ። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁና፣ ባለማሽኗ ስለ አድራሻዎቹ ነግራኛለች አሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። «የወሰድሽው አንቺ ነሽ፤ የምትመልሺውም አንቺ ነሽ። እኔ የማውቀው አንቺ የጻፍሽውን ነው።»

ወጥቼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። «አልነበረውም» ካልኩ ስሜ ከዚህ መሥሪያ ቤት ይፋቃል፤ ምናልባትም እኔ ራሴ እከሰሳለሁ። «ነበረው» ካልኩ ዳኛዋ ፋይሉን ይዘጋሉ፤ ልጅቷ አልጋዋን ታገኛለች፣ ከግድግዳው ሠላሳ አንድ ሳንቲም።

ማታ መድኃኒቱን ሰጠኋት። አራት ጊዜ ነፋሁላት፤ እናቷ ያለችው ሁለት ነው። ትንፋሿ ሲገባ የአንገቷ ጉድጓድ ይሰረጉዳል። እኔ ክፍል ትተኛ ብዬ ብርድ ልብሷን አንሥቼ ደረጃው ድረስ ወስጄ ነበር። እናቴ ከላይ ሆና አየችኝ።

«ወዴት ነው? አዲስ የተቀባ ክፍል እያላት?»

ለምን እንደሆነ ብነግራት ሌላውንም መንገር ሊኖርብኝ ነው። ብርድ ልብሱን መልሼ አለበስኳት። አልጋውን ግን ወደ መሀል ጎትቼዋለሁ፤ አሁን ሁለት ሜትር ይርቃል። መሀል መሆኑ ምንም እንደማይለውጥ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«አክስቴ፣ እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። እሑድ አልኳት። በጣቷ ቆጠረች፤ አምስት ላይ ስትደርስ ሳሉ አቋረጣት፣ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ቅጹ እዚህ ደብተሩ ላይ ነው። ሁለቱም ሣጥኖች ባዶ ናቸው። ረቡዕ 9 ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ለፍርድ ቤቱ መድረስ አለበት። ውሳኔው ሐሙስ 10፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ አራተኛ ችሎት ይሰማል። እስከዚያ ዘጠኝ ሌሊት አለ፤ የዛሬው ተቆጥሮ።